ሜልቦርን ላሉ ወዳጆቻችሁ እንግዳ ስትሆኑ

ወደ አውስትራሊያ ለጉብኝት የሚነሳ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩና ስለ ካንጋሮው ነው። እኔ ግን ባለፈው ጥር ሜልቦርን ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ለሁሉም መጀመሪያ የምናገረው ሌላ ነገር ነው። ስለ ወዳጆቻችሁ ጊዜ።

እዚያ ያሉት ጓደኞቼ አብዛኞቹ የሚሠሩት በሺፍት ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሆስፒታል፣ መጋዘን፣ ታክሲ። ባል ሌሊት ገብቶ ጠዋት ይወጣል፤ ሚስት ጠዋት ትገባለች። ከእነሱም መካከል «ካዡዋል» በሚባለው ቅጥር የሚሠሩ አሉ። ይህ ቅጥር የሰዓት ክፍያው ከፍ ይላል እንጂ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድም ሆነ የሕመም ፈቃድ የለውም። አንድ ቀን ቀረ ማለት የዚያ ቀን ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ይህን ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይነግራችሁም። «ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? እንዞራለን» ነው የሚሏችሁ። እንግዳ ሲመጣ እንደዚያ ነው ያደግነው።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉና በግልጽ ተነጋገሩ። የሥራ ቀናቸውን ይላኩላችሁ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር የተስማማሁት እንዲህ ነው፦ እሷ በምትሠራበት ቀን ከተማውን ብቻዬን አያለሁ፣ ማታ ቤት እንገናኛለን፣ የዕረፍት ቀኗ ደግሞ የጋራችን ነው። መጀመሪያ ቅር አላት። «እንግዳዋን በትራም አንከራተተች ይሉኛል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ሜልቦርን ብቻውን ለሚዞር ሰው የተመቸች ከተማ ናት። ጓደኛዬ ማታ ስትመጣ ያየሁትን እየነገርኳት፣ እሷም ዓመታት ኖራ ያልገባችባቸውን ቦታዎች ከእኔ እየሰማች፣ ጨዋታው ራሱ ሌላ ሆነ።

ሻንጣውን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቂቤ፣ ቋንጣ፣ ማር፣ ጥሬ ቡና ሳይዝ የሚሄድ የለም። አውስትራሊያ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ከሌላው ዓለም በባሕር የተለየች አገር ስለሆነች ብዙ የእንስሳትና የሰብል በሽታ አልገባባትም፤ እንዲገባባትም አትፈልግም። ምን ያህል ጥብቅ እንደሆኑ ለማወቅ ይህን ልንገራችሁ። የ1956 ኦሊምፒክ ሜልቦርን ሲዘጋጅ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) የፈረስ ውድድሩ እዚያ አልተካሄደም። የውጭ ፈረሶች እንዳይገቡ የኳራንቲን ሕጉ ስለከለከለ ውድድሩ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ተደረገ። ለኦሊምፒክ ያልተበገረ ሕግ ለእናንተ ቋንጣ አይበገርም።

አውሮፕላን ላይ የሚሰጣችሁ ካርድ ምግብ፣ የእንስሳት ውጤት፣ የዕፀዋት ውጤት ይዛችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ያላችሁን ሁሉ «አዎ» ብላችሁ ሙሉ። ስፌትና ሙዳይም ከሣር የተሠራ ነው፤ የእንጨት መስቀልም እንጨት ነው፤ ይጻፍ። የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል። የደበቀ ግን ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ቪዛ እስከ መሰረዝም የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሥጋና ቂቤውን ከነጭራሹ ተዉት። የተፈጨ ቅመም በፋብሪካ እንደታሸገ፣ ምንነቱ ላዩ ላይ ተጽፎበት ቢሆን ሥራው ይቀላል። ደግሞ ወዳጆቻችሁ እንጀራውንም በርበሬውንም እዚያው ያገኙታል። ጓደኛዬን በጣም ያስደሰታት የወሰድኩላት ነጠላና ከሰፈራችን ሰዎች የያዝኩላት ፎቶ ነው።

ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማው መሐል ባቡር የለም። ስካይባስ የሚባል አውቶቡስ አለ፤ ሳውዘርን ክሮስ የተባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ያደርሳችኋል። ሰዎቻችሁ ሥራ ላይ ከሆኑ በዚህ መጥታችሁ እዚያ ብትገናኙ ይቀላል። የእኔዋ ጓደኛ የምትኖረው ታርኒት ነው፤ ከከተማው በስተምዕራብ ራቅ ያለ፣ ብዙ ሐበሻ ቤት የገዛበት አዲስ ሰፈር። ከሳውዘርን ክሮስ የክፍለ ሀገሩ ባቡር ይወስዳል። የወዳጅ ቤት ሩቅ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ይልቅ ቤቱ ከየትኛው ጣቢያ እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዋናው እሱ ነው።

ለባቡሩም፣ ለትራሙም፣ ለአውቶቡሱም የሚሠራው ማይኪ የሚባለው ካርድ ነው። ባቡር ስትገቡም ስትወጡም ታስነካላችሁ። ትራም ላይ ስትገቡ ብቻ ይበቃል። በአንድ ቀን የቱንም ያህል ብትሳፈሩ ሒሳቡ ከተወሰነ ጣሪያ አያልፍም፤ ቅዳሜና እሁድ ጣሪያው ዝቅ ይላል። መሐል ከተማው ውስጥ ደግሞ ትራም በነፃ ነው፤ እዚያው ገብታችሁ እዚያው ለምትወርዱ ካርዱን ማስነካት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ነፃው ክልል የት እንደሚያበቃ ትራሙ ውስጥም ፌርማታውም ላይ ይነገራል። ወደ ባሕሩ ወይም ወደ ዕፀዋት ማዕከሉ የሚሄደው ትራም ከክልሉ ይወጣል። ያላስነካ ሰው ተቆጣጣሪ ካገኘው ይቀጣል። 35 ቁጥር የሆነው አሮጌው ትራም ግን መሐል ከተማውን በነፃ ይዞራል። የመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ሲጫናችሁ እሱ ላይ ተቀምጣችሁ ከተማውን ማየት ነው። በጥር ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ይቀድማሉና ድካሙ መቼም አይቀርም።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው። እግራችን ስለለመደ ዓይናችን ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይሄ የምር አደገኛ ነው።

ከተማውን በእግር ለማየት ፍሊንደርስ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ጥሩ መነሻ ነው። ቢጫው ሕንፃ፣ በሩ ላይ ሰዓቶች የተደረደሩበት። ሰው «ሰዓቶቹ ሥር እንገናኝ» የሚባባለው እዚያ ነው። ፊት ለፊቱ ፌደሬሽን አደባባይ አለ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ሁሉ በሥዕል የተሞላው ሆዚየር ሌን። ድልድዩን ተሻግራችሁ ጥቂት ከሄዳችሁ የቪክቶሪያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታገኛላችሁ። በ1861 የተቋቋመ ነው፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። መግቢያው ላይ ውኃ የሚወርድበት መስታወት አለ። ውስጥ ያለው ትልቁ አዳራሽ ጣሪያው ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ ሰዉ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ያየዋል። አትፈሩ፣ እናንተም ተኙ። ጣሪያው በደንብ የሚታየው እንደዚያ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ቤተ መጻሕፍቱን ነው። ስዋንስተን ጎዳና ላይ ያለው የቪክቶሪያ ግዛት ቤተ መጻሕፍት መግቢያው ነፃ ነው። በ1913 የተከፈተው ባለ ስምንት ማዕዘን የንባብ አዳራሽ ከላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። እዚያው ውስጥ የኔድ ኬሊ የብረት ልብስ አለ። ኔድ ኬሊ በ1880 የተሰቀለ ሽፍታ ነው። ጥሩሩን እሱና ጓደኞቹ የሠሩት ከማረሻ ብረት ነው። ዛሬም አንዳንዱ የድሃ ተቆርቋሪ ይለዋል፣ አንዳንዱ ፖሊስ የገደለ ወንበዴ ይለዋል። የሽፍታ ታሪክ እየሰማ ላደገ የእኛ ሰው ይህ ክርክር አዲስ አይሆንበትም። እኔ ብረቱ ላይ ያሉትን የጥይት ምልክቶች እያየሁ ረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ሐበሻ ሆኖ ሜልቦርን ሄዶ ኤምሲጂ የሚሉትን ትልቁን ስታዲየም ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እዚያ፣ በ1956 ነው። በእኛ 1949 ዓ.ም. ኅዳር። ማሞ ወልዴ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦበታል። ሜዳሊያ አልመጣም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ማሞ ራሱም በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አገኘ። መጀመሪያው ግን ይሄ ሜዳ ነው። ስታዲየሙ ዛሬ ብዙው ክፍሉ አዲስ ነው፤ 100 ሺሕ ያህል ሰው ይይዛል። ጨዋታ በሌለበት ቀን የሚያስጎበኙ አሉ፣ ክፍያ አለው፣ ሥር የስፖርት ሙዚየም አለ። ከፍሊንደርስ ስትሪት ወንዙን ይዞ በእግር ይደረሳል። የጓደኛዬን ልጆች ይዤ ሄጄ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። እዚያ ተወልደው፣ በዚያ ሜዳ እግር ኳሳቸውን እየተመለከቱ አድገው፣ የአገራቸውን ሰዎች ታሪክ በዚያ ቦታ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ልጆቹን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ጥር ላይ እዚያ ክረምት ሳይሆን በጋ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በሺፍት ለሚሠራ ወላጅ ልጆቹን የት እንደሚያውል ጭንቅ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ልጆቹን አንድ ቀን ይዛችሁ ብትወጡ ለወላጆቻቸው ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። ካርልተን ያለው የሜልቦርን ሙዚየም ልጆችን በነፃ ያስገባል። ውስጡ ቡንጂላካ የሚባል የነባሩ ሕዝብ ክፍል አለ፤ የከተማዋ ምድር የኩሊን ሕዝቦች፣ የዉሩንጀሪና የቡኑሮንግ፣ እንደሆነ እዚያ ከራሳቸው አንደበት ትሰማላችሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ጎኑ ያለው የ1880 ትልቅ የኤግዚቢሽን ሕንፃ በ1901 የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ፓርላማ የተከፈተበት ነው፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል። ልጆቹ ደግሞ ትራሙን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። «አክስቴ፣ እዚህ ነው የምንወርደው» እያሉ መሪ የሆኑት እነሱ ናቸው። አማርኛቸውም ያን ቀን ከፈት አለ፤ ከእናታቸው ጋር በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆች ከእኔ ጋር አማራጭ አልነበራቸውም።

ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ከ1878 ጀምሮ የነበረ ነው። ሰኞና ረቡዕ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አይታችሁ ሂዱ። ካፌዎች ደግሞ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይዘጋሉ፤ በ9 እና በ10 ሰዓት ወንበር ማንሳት ይጀምራሉ። ከሥራ በኋላ ማኪያቶ እየጠጣን እናወራለን የሚለው የአዲስ አበባ ልማድ እዚያ አይሠራም። ቡናቸው ግን በጣም ጥሩ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ ጣሊያኖች ናቸው የማሽን ቡናውን ያስለመዱት። ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም፤ የቧንቧ ውኃም ይጠጣል፣ ለውኃ ገንዘብ አታውጡ።

አየሩ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሆኖ፣ ከሰሜን ከበረሃው የሚመጣ ንፋስ ፊት ይለበልባል። ከሰዓት ንፋሱ ከደቡብ ባሕር በኩል ይዞርና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ በጋ ነው ብላችሁ ሹራብ ትታችሁ አትውጡ። ፀሐዩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። «እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አይነካንም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ቀዝቃዛው የባሕር ንፋስ ያታልላል እንጂ የጥር ፀሐይ የእኛንም ቆዳ ያቃጥላል። ሰንስክሪን ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ፣ ሕፃናትን ጥላ ሥር አድርጉ።

ለባሕር ቅርቡ ሴንት ኪልዳ ነው። ከቡርክ ጎዳና 96 ቁጥር ትራም ያደርሳል። ከ1912 ጀምሮ ያለው ሉና ፓርክ፣ በሩ የሰው አፍ የሆነው፣ እዚያ ነው። ብራይተን ደግሞ በተለያየ ቀለም የተቀቡት የእንጨት ጎጆዎች የተደረደሩበት ነው። እኔ ግን ዊሊያምስታውንን እመርጣለሁ። በባቡር ይደረሳል። ከውኃው ማዶ ፎቆቹን እያያችሁ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ታወራላችሁ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ከሥራ የወጣ ሰው ይደርሳል።

እነዚህ ሁሉ የባሕር ወሽመጡ ዳር ስለሆኑ ማዕበላቸው ለስላሳ ነው። ወደ ውቅያኖሱ ስትወጡ ነገሩ ይለወጣል። እባካችሁ ይህን አድምጡኝ፣ አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም። የነፍስ አድን ሠራተኞች ቀይና ቢጫ ባንዲራ ይተክላሉ። ውኃ የሚገባው በሁለቱ ባንዲራ መካከል ብቻ ነው። ባንዲራ ከሌለ እግር ማራስ ይበቃል። ከላይ ጸጥ ብሎ የሚታይ ውኃ ሥሩ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ ፍሰት ሊኖረው ይችላል። ከያዛችሁ ከእሱ ጋር አትታገሉ፣ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሡ። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 000 ነው።

ፉትስክሬይ የሚባለውን ሰፈር ብቻዬን አልሄድኩበትም፣ ለጓደኛዬ የዕረፍት ቀን አቆየሁት። ከሳውዘርን ክሮስ በባቡር ትንሽ ደቂቃ ነው። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተደርድረዋል፤ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ጀበና፣ የሐበሻ ልብስ፣ ፀጉር ቤት። ጎን ለጎን ከቬትናም ጦርነት በኋላ የመጡት ቬትናሞች ሱቅና ምግብ ቤት አለ። እዚያ መንገድ ላይ አሥር እርምጃ ሳትሄዱ ሰላም የምትሉት ሰው ይመጣል። ጓደኛዬ ከእያንዳንዱ ጋር እየቆመች «አገር ቤት ነው የመጣችው» ትላቸዋለች፤ ሁሉም «ስለ አገር ንገሪን» ይላል። ቡና በሦስተኛው እስኪጠጣ መነሳት የለም። በሱዳንና በኬንያ በኩል በስደት መጥተው፣ ዓመታት ጠብቀው፣ እዚያ የደረሱ ሰዎች ታሪካቸውን ያወሩልኛል። ሰፊ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ሒሳቡን ደግሞ ቀድማችሁ ለአስተናጋጁ ክፈሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ አያስከፍሏችሁም።

ስለ ታላቁ የውቅያኖስ መንገድ ሁሉም ያወራል፤ የሚወራለትም ተገቢ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 በእጃቸው ገደሉን ፈልፍለው ለሞቱት ጓደኞቻቸው መታሰቢያ የሠሩት ነው። 243 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። 12ቱ ሐዋርያት የሚባሉት ከባሕሩ የቆሙ የድንጋይ ዓምዶች መጨረሻው አካባቢ ናቸው። አሥራ ሁለት አይደሉም፤ ማዕበሉ የኖራ ድንጋዩን ይበላዋል፣ በ2005 አንዱ ተንዷል። ቅርብ ወደሆነው ሎክ አርድ ገደልም ውረዱ። በ1878 አንዲት መርከብ እዚያ ተሰብራ ከ54 ሰዎች አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ ብቻ ተርፈዋል።

የጓደኛዬ ባል «ሌሊት ገብቼ ጠዋት እንደወጣሁ እወስዳችኋለሁ» አለን። እምቢ አልኩ፣ እናንተም እምቢ በሉ። ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ያልተኛ ሰው ሊነዳው አይገባም። ከከተማው በየቀኑ የሚነሱ የጉብኝት አውቶቡሶች አሉ። ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት ሲገጥም አፖሎ ቤይ አድሮ መመለስ ነው፤ እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ስትመለሱ በኮላክ በኩል ያለው የውስጥ መንገድ ቀጥ ያለና አጭር ነው። በባሕሩ መንገድ ስትሄዱ ግን ኬኔት ሪቨር ላይ ቆም ብላችሁ ዛፎቹ ላይ ኮዋላ ፈልጉ። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያዩታል። ለሁለቱ ቀን የቤንዚኑንና የማደሪያውን ወጪ አስቀድማችሁ ተካፈሉ፤ «ተይው» ቢሏችሁም አትተዉ።